ስለ እመቤቶች ጤንነት፤ በየቀኑ ጥቂት መራመድ የአሳብን ጭንቀት እንደሚያቀል

የሰው ልጅ ከቤቱ ዕቃ ይልቅ ለገዛ ሰውነቱ ሊጠነቀቅ ሲገባው፥ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በቅሎ በጋጣ ታስራ ብዙ ቀን የቆመች እንደ ሆነ፥ እግሯ እንዳይተሳሰር ብለን ባልደራሱ አውጥቶ እንዲያንሸራሽራት እናዛለን። መኪናችንም ሳይነዳ የሰነበተ እንደ ሆነ፥ እንዳይበላሽ ብለን በየጊዜው ሞተሩን እናስነሣዋለን። የቤታችን እመቤት ግን ከማለዳ እስከ ማታ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ዓመት ብታሳልፍ፥ ይህን እንደ ዕረፍት፥ ይልቁንም እንደ ክብር እንቈጥረዋለን እንጂ ይጎዳታል ብለን አናስብም።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ለመጻፍ ያሰብነው፥ ብዙ ሰዓት ተቀምጠው የሚውሉ ሴቶች በየቀኑ ጥቂት የሰውነት እንቅስቃሴ ቢያደርጉ የአሳባቸው ጭንቀት እንዴት እንደሚቀል ነው። ነገሩ ለሴቶች ብቻ የተጻፈ የሚመስላቸው ባለሥልጣኖች አንባቢዎቻችን ገጹን ሳያነቡ እንዳይገለብጡት እንለምናለን። የቤት ሰላም በእመቤቲቱ እንቅልፍ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋልና፤ ደግሞም በመጨረሻ እንደምናሳየው የመድኃኒቱ ግማሽ ያለው በባልና በዘመድ እጅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ነገሩን አስቀድሞ ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከታላቅ እኅቱ ቤት ነው። እኅቴ ባሏ ከሞተ በኋላ በውርስ ምክንያት ከባሏ ዘመዶች ጋር ክርክር ገጥማ ነበር። እኔ በፍርድ ቤት በጽሕፈት ሥራ የምውል ሰው ስለ ሆንሁ፥ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ ባለጉዳዩን እንዴት እንደሚያከሳው በየቀኑ አያለሁ፤ ነገር ግን በሌላ ሰው ላይ ሲያዩትና በእናት ልጅ ላይ ሲያዩት አንድ አይደለም። እኅቴ ቀኑን ሙሉ በከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ትውላለች፤ ውሃ የሚቀዳው፥ ገበያ የሚሄደው፥ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ሌላ ሰው ነው። በሩ በተንኳኳ ቊጥር ልቧ ይመታል፤ ሌሊት ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ ዓይኗ አይከደንም፤ በትንሽ ነገር ትቈጣለች፥ ተቈጥታም ታለቅሳለች። ወደ ሐኪም ብንወስዳት በሚገባ መርምሮ የልብም ሆነ የደም በሽታ አላገኘባትም። ያዘዘላትም ነገር፥ «በየማለዳው ጥቂት በእግርዎ ይራመዱ» የሚል ብቻ ነበረ።

ይህን ስሰማ ከሁሉ ይልቅ የተቈጣሁ እኔ ነበርሁ። «እትዬ፥ ሰው ምን ይለናል? መኪና ካለበት ቤት እመቤቲቱ በእግሯ ስትንከራተት ቢያዩ፥ በክርክሩ ተረትተው ደኸዩ አይሉንም ወይ?» አልኋት። ያን ጊዜ የተናገርሁት ቃል ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ይህን ለመጻፍ የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው። የእርሷን ፍጻሜ ከመናገራችን በፊት ግን፥ ሐኪሙ ያን ትእዛዝ የሰጠበትን ምክንያት ሊቃውንት ከመረመሩት አውጥተን እንገልጣለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጭንቀት በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ጭንቀት የአሳብ ብቻ ነገር የሚመስለን ብዙዎች ነን። በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዋልተር ካነን ግን በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ፥ እንስሳም ሆነ ሰው በፈራና በተቈጣ ጊዜ በሥጋው ውስጥ የሚሆነውን ነገር ገለጠ። ከኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። አስደንጋጭ ነገር በመጣ ጊዜ እነዚህ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ወደ ደም ይልካሉ። ያን ጊዜ ልብ ፈጥኖ ይመታል፥ ትንፋሽ ይበረታል፥ በጉበት የተከማቸው ስኳር ወደ ደም ይወጣል፥ ደሙም ከሆድ ዕቃ ይልቅ ወደ ክንድና ወደ እግር ጡንቻ ይሮጣል። ይህ ሁሉ ሰውየው ወይ እንዲዋጋ ወይ እንዲሸሽ የተሰናዳለት ስንቅ ነው።

ነብር ለመጣበት እረኛ ይህ ስንቅ እጅግ ይጠቅመዋል። እረኛው ዱላውን አንሥቶ ይመታል፥ ወይም ሮጦ ያመልጣል፤ በመታበትና በሮጠበት መጠን ስንቁ ያልቃል፥ ሰውነቱም ወደ ጸጥታው ይመለሳል። ነገር ግን ነብሩ የመጥሪያ ወረቀት የሆነባት እመቤት ምን ታድርግ? ወረቀት በዱላ አይመታም፥ ከወረቀትም ሮጦ ማምለጥ አይቻልም። ስንቁ ተሰናድቷል፥ መንገደኛው ግን ከቤቱ አልወጣም። ዕዳም፥ የልጅ በሽታም፥ የጎረቤት ሐሜትም፥ የባል ማምሸትም እንደዚሁ ነው፤ ሰውነቷ በየቀኑ ለጦርነት ይሰናዳል፥ እርሷ ግን በመቀመጫዋ ላይ ናት።

ከዚህም በኋላ በ1936 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ይሠራ የነበረው ሐንስ ሴሊዬ፥ ኔቸር በተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። አይጦችን በብርድ፥ በቊስል፥ በመርዛም መድኃኒትና ከልክ ባለፈ የጡንቻ ሥራ ቢያስጨንቃቸው፥ የመከራው ዓይነት ልዩ ልዩ ሲሆን የሰውነታቸው መልስ ግን አንድ ሆኖ አገኘው። ይኸውም ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አበጡ፥ በሆድ ዕቃቸውም ቊስል ታየ። ኋላም ስትሬስ በሚል የእንግሊዝኛ ቃል የሚጠራው ነገር በዓለም የታወቀው በዚህ ሰው ሥራ ነው። ከነዚያው ዕጢዎች ኮርቲዞል የሚባል ሌላ ቅመም ይወጣል። ይህ ቅመም በጤነኛ ሰው ዘንድ በማለዳ ከፍ ይላል፥ ወደ ሌሊት ዝቅ ይላል፤ ጭንቀት ለብዙ ጊዜ በጸናበት ሰው ግን ይህ ሥርዐት ሊዛባ፥ እንቅልፍም ሊታወክ ይችላል።

ከሁለቱ ሊቃውንት ሥራ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። መጀመሪያው፥ በጭንቀት ጊዜ ሰውነት የሚሰናዳው ለመንቀሳቀስ ስለ ሆነ፥ ሳይንቀሳቀስ የቀረ እንደ ሆነ ጭንቀቱ መውጫ ያጣል። ሁለተኛው፥ ልክ ያለፈ ድካም ራሱ ጭንቀት ነው፤ ሴሊዬ አይጦቹን ካስጨነቀባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበርና። ስለዚህ እዚህ የምንናገረው ስለ ልከኛ እንቅስቃሴ እንጂ ሰውነትን አድክሞ ስለሚጥል ሥራ አይደለም።

ልከኛ እንቅስቃሴ የሚሰጠው ጥቅም በብዙ መንገድ ነው። በየቀኑ የሚራመድ ሰው ልቡ ስለሚጠነክር በዕረፍት ጊዜ ዝግ ብሎ ይመታል። ደግሞም ልቧ ሲመታ የምትደነግጥ ሴት፥ በየማለዳው በእርምጃ ምክንያት ልቧ ፈጠን ብሎ ሲመታ፥ ቊጭ ስትልም ወደ ጸጥታው ሲመለስ ስታይ፥ የልብ መምታት ሁሉ የጥፋት ምልክት አለመሆኑን ሰውነቷ ይማራል። ጡንቻ የሠራበት ቀን ሌሊቱ እንቅልፍ ይሰጣል። አሳብም አንድ ነገር ብቻ ሲያመነዥግ ከዋለበት ክፍል ወጥቶ ዛፍና ሰማይ፥ መንገደኛና ሕፃን ሲያይ ጥቂት ያርፋል።

በዳላስ ከተማ የተደረገ ምርመራ

ይህ ሁሉ ጥሩ አሳብ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃው ምንድር ነው? የሚል አንባቢ ይኖራል፤ መጠየቁም የተገባ ነው። በፍርድ ቤት አንድ ምስክር ብቻ ይዞ የመጣ ሰው እንደማይረታ ሁሉ፥ የአንዲት እኅት ታሪክ ለብዙዎች ማስረጃ አይሆንም።

በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ በኩፐር ኢንስቲትዩት የተደረገ፥ ውጤቱም በ1 ሺህ ሳይሆን በ2 ሺህ ዘመን፥ ይኸውም በ2007 የታተመ አንድ ትልቅ ምርመራ አለ። የተመረመሩት ሴቶች 464 ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 75 ዓመት ሲሆን፥ ሁሉም የወር አበባቸው የቀረ፥ ሰውነታቸው የከበደ፥ የደማቸው ግፊት ከፍ ያለ፥ ከዚህም ሁሉ በላይ ተቀምጦ መዋል የለመዱ ነበሩ። እነዚህን ሴቶች በዕጣ አራት ክፍል አድርገው መደቧቸው። አንደኛው ክፍል እንደ ልማዱ ተቀምጦ እንዲኖር ተተወ። የቀሩት ሦስቱ በጠባቂ ፊት፥ በቦታው በሚሽከረከር የመራመጃ መኪናና ከስፍራው በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ለ6 ወር እንዲለማመዱ ተደረገ። ድካሙ ግን ከችሎታቸው እኩሌታ እንዳያልፍ ተወሰነ።

ከሦስቱ ክፍሎች ጥቂት እንዲሠራ የታዘዘው በሳምንት በአማካይ 72 ደቂቃ ያኽል፥ መካከለኛው 136 ደቂቃ፥ ብዙ የታዘዘው ደግሞ 192 ደቂቃ ሠራ። ስድስቱ ወር በተፈጸመ ጊዜ የሰውነታቸው ብርታት ሲለካ፥ ተቀምጦ ከቀረው ክፍል ይልቅ የመጀመሪያው በመቶ 4፥ ሁለተኛው በመቶ 6፥ ሦስተኛው በመቶ 8 ያኽል ጨምሮ ተገኘ። እውነቱን ለመናገር የደማቸው ግፊት በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚቈጠር ለውጥ አላሳየም፤ እኛም እንቅስቃሴ ሁሉን በሽታ ይፈውሳል ብለን አንሰብክም።

ለእኛ ነገር የሚበልጠው ግን በ2009 የታተመው ሁለተኛው ክፍል ነው። መርማሪዎቹ ሴቶቹን ስለ ኑሯቸው፥ ይኸውም ስለ ብርታታቸው፥ ስለ አሳባቸው ጸጥታ፥ ከሰው ጋር ስለ መዋላቸው፥ ኀዘንና ጭንቀት ከሥራቸው ይከለክላቸው እንደ ሆነ ጠይቀዋቸው ነበር። መልሱ ሲደመር፥ ከሕመም ስሜት በቀር በሌላው ሁሉ የተንቀሳቀሱት ሴቶች ኑሯቸው ተሻሽሎ፥ መሻሻሉም በእንቅስቃሴው መጠን እየጨመረ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባው ነገር፥ ይህ መሻሻል ከክብደት መቀነስ ጋር የተያያዘ አለመሆኑ ነው። ክብደቷ ያልቀነሰ ሴትም አሳቧ ቀለላት። ስለዚህ «ወር ሙሉ ተራምጄ ሰውነቴ አልከሳም» ብላ ተስፋ ቈርጣ የምትተው እመቤት ብትኖር፥ ያተረፈችውን ትርፍ በማይመዝን ሚዛን መዝናለች ማለት ነው።

ትንሹን መጠን ደግሞ እንመልከተው። 72 ደቂቃ ለሰባት ቀን ቢካፈል በቀን ከ10 ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሦስት ስኒ ቡና አፍልቶ እስከ በረካ ድረስ ለመጠጣት የሚያስፈልገው ጊዜ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ምክር ለአዋቂዎች ሁሉ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ልከኛ እንቅስቃሴ እንደሚገባ ሲያስታውቅ፥ ከዚህ ያነሰውም ቢሆን ፈጽሞ ካለመንቀሳቀስ እንደሚሻል አክሎ ገልጧል። ይኸው ድርጅት በ2024 ባሳወቀው ቊጥር መሠረት በ2022 በዓለም ካሉት አዋቂዎች በመቶ 31 ያኽሉ የሚበቃ እንቅስቃሴ አያደርጉም ነበር። ከወንዶች በመቶ 29፥ ከሴቶች ግን በመቶ 34 ያኽል ነው። ተቀምጦ መዋል በሴቶች ላይ የበዛ መሆኑ የዳላስ ወይም የአዲስ አበባ ነገር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ክብር በመቀመጥ ነውን?

አሁን ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። በእኛ ዘንድ እመቤትን ከመራመድ የሚከለክላት ስንፍና ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በአባቶቻችን ልማድ ወይዘሮ የምትሄደው በበቅሎ፥ በአጃቢና በጥላ ነበር፤ በቅሎው በመኪና ቢለወጥም ልማዱ በልባችን ቀርቷል። በእግር የሚሄድ ችግረኛ ነው፥ ተቀምጦ የሚያዝ የተከበረ ነው ብለን እናስባለን። እኔም እኅቴን የተናገርኋት በዚሁ መንፈስ ነው።

ነገር ግን የአገራችንን ታሪክ ስንመረምር፥ ከሁሉ ይልቅ የተከበሩት ሴቶቻችን ተቀምጠው የዋሉ አልነበሩም። እቴጌ ጣይቱ በአድዋ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘምተዋል። በ1896 መጀመሪያ በመቀሌ ምሽግ የጣሊያን ወታደሮች የሚቀዱት የውሃ ምንጭ የተያዘውም በእርሳቸው ምክር እንደ ሆነ በታሪክ ተጽፏል። በዚያው ዘመቻ ስንቅ ያዘጋጁት፥ ቊስለኛ ያነሡት ሴቶች ያን ሁሉ አገር ያቋረጡት በእግራቸው ነው። በቅርቡም ዘመን ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር፥ ፋጡማ ሮባም በ1996 በአትላንታ በማራቶን ወርቅ ሲያገኙ፥ የአገሪቱ ክብር በሴቶች እግር ከፍ ማለቱን ሁላችንም በእልልታ መስክረናል። በአዲስ አበባም ከ2004 ጀምሮ ለሴቶች ብቻ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲደረግ ቈይቷል። የሌላ ሰው ልጅ ስትሮጥ እያጨበጨብን፥ የገዛ እኅታችን እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ስትሄድ ማፈራችን እንግዲህ ምን ይባላል?

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንለይ ልናልፍ አይገባንም። ከእንጦጦ ዳገት እንጨት ተሸክማ የምትወርደዋን ሴት ያየ ሰው፥ «ይህችስ ከሁሉ ይልቅ የምትንቀሳቀስ አይደለችምን? ስለምን ጭንቀት አላጣትም?» ይል ይሆናል። እርሷ የሚያስፈልጋት ዕረፍትና የተሻለ ገቢ ነው። ሸክም በግድ ሲሆን፥ መጠኑም ከዐቅም ሲያልፍ፥ ሴሊዬ እንዳሳየው ራሱ ጭንቀት ይሆናል። እንደዚሁም በቢሮ ወንበር ላይ ስምንት ሰዓት ተቀምጣ፥ ማታ ደግሞ የቤቷን ሥራ የምትቀበል ሴት አለች፤ ደክማለች፥ ነገር ግን አልተንቀሳቀሰችም። ድካምና እንቅስቃሴ ልዩ ልዩ ነገር መሆናቸውን ማወቅ ይገባል። ለእመቤቲቱ የሚጠቅማት በገዛ ፈቃዷ፥ በገዛ ሰዓቷ፥ ያለ ሸክም የምትራመደው እርምጃ ነው።

ለመጀመር ለምትፈልግ እመቤት

ቀስ በቀስ እንቊላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶቻችን፤ ለዚህም ነገር ከዚህ የበለጠ ደንብ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ 10 ደቂቃ በደልዳላ መንገድ መራመድ ይበቃል። በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ቢጨመርበት በአምስተኛው ሳምንት 30 ደቂቃ ይሞላል። ይህን በሳምንት አምስት ቀን ያደረገች ሴት 150 ደቂቃ አገኘች፥ የጤና ድርጅቱንም ምክር ፈጸመች።

የእርምጃውን ልክ ለማወቅ ሰዓትም ሌላ መሣሪያም አያስፈልግም። ከጓደኛ ጋር እየተጫወቱ ለመሄድ የሚቻል፥ ነገር ግን ለመዝፈን ትንፋሽ የማይበቃ ከሆነ፥ ልኩ እርሱ ነው። ቃል እስኪቈራረጥ ድረስ የሚያስተነፍስ ከሆነ በዝቷልና ዝግ ማለት ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያላት ከተማ ስለ ሆነች፥ ዳገት ቶሎ ያደክማል፤ ጀማሪ ዳገቱን ለኋላ ታቈየው። በ2020 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለመራመድ ያማረ ስፍራ ነው፤ ነገር ግን ከከተማው ይልቅ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ እግሯ ከለመደ በኋላ ብትወጣበት ይሻላል።

ጫማው ዝቅ ያለና እግር የማያጠብብ ይሁን። ክረምት በሆነ ጊዜ በረንዳውን ወዲህና ወዲያ መመላለስ፥ ወይም የቤቱን ደረጃ ቀስ ብሎ መውጣትና መውረድ ይቻላል። የምትጾም ሴት ከመብላቷ በፊት ርቃ እንዳትሄድ፥ እርምጃዋንም እንድታሳጥር እንመክራለን። ብቻዋን መሄድ የሚያሳፍራት የማኅበር ወይም የዕድር ባልንጀራዋን ትጥራ፤ ሁለት ሴቶች እየተጨዋወቱ ሲሄዱ መንገዱ ያጥራል፥ በልብ የታመቀውም ነገር ይወጣል፤ ይህም ራሱ አንድ መድኃኒት ነው።

የልብ በሽታ፥ የስኳር በሽታ ወይም ከፍ ያለ የደም ግፊት ያለባት፥ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ። ስትራመድ ደረቷን የወጋት ወይም ራሷን ያዞራት እንደ ሆነ ቆማ ትረፍ፥ ወደ ሐኪምም ትሂድ። እንዲሁም ኀዘኑ እጅግ ጸንቶባት ከምግብ የተለየች፥ ሕይወቷንም የጠላች ሴት ብትኖር፥ «ተራመጂና ይለቅሻል» ብሎ መተው ታላቅ በደል ነው፤ እንዲህ ያለው በሽታ ነውና ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የባልና የዘመድ ድርሻ

ቀደም ብለን የመድኃኒቱ ግማሽ በባልና በዘመድ እጅ ነው ብለናል። ይህን ያልንበት ምክንያት፥ እመቤቲቱ 30 ደቂቃ ለማግኘት የሚቸግራት መንገድ ጠፍቶ ሳይሆን ሰዓት ጠፍቶ ስለ ሆነ ነው። በዚያ ሰዓት ሕፃኑን ማን ይጠብቃል? እንግዳ ቢመጣ ማን ይቀበላል? ቊርሱ ቢዘገይ ማን ይቈጣል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ባልየው ነው። ሰዓቲቱን የእርሷ አድርጎ የለየ፥ በቤቱም ያሉትን ሁሉ «በዚህ ጊዜ እመቤታችሁን አታስጠሩ» ብሎ ያዘዘ ሰው፥ ከብዙ ጌጥ የበለጠ ስጦታ ሰጥቷታል።

ከሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። አንደኛ፥ «ወፍረሻልና ተራመጂ» የሚለው ቃል ምክር ሳይሆን ስድብ ነው፤ ጭንቀትን ለማቅለል የታሰበውን ነገር አዲስ ጭንቀት ያደርገዋል። ሁለተኛ፥ ራሱ ከወንበሩ ሳይነሣ ለሚስቱ የሚያዝ ሰው ምክሩ አይሰማለትም። በ1953 ጀርሚ ሞሪስ የተባለው ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋር የሎንዶንን አውቶቡስ ሠራተኞች መርምሮ፥ ቀኑን ሁሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ፥ በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ትኬት የሚቈርጡት የልብ በሽታ ያነሰባቸው ሆነው እንዳገኛቸው ጽፏል። እኛም የመንግሥት ሥራ ይዘን በወንበር የምንውል ወንዶች ከሾፌሮቹ ወገን ነን። ስለዚህ ባል ከሚስቱ ጋር አብሮ ቢራመድ ሁለቱም ያተርፋሉ።

አሁን የእኅቴን ፍጻሜ ልናገር። እኅቴ ቃሌን ሰምታ ዝም አለች፤ በማግሥቱ ግን ነጠላዋን ተከናንባ፥ አንዲት የቤት ልጅ አስከትላ፥ እስከ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተመለሰች። መንገዱ 10 ደቂቃ አይሞላም። በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበቷን አመማት፤ የጎረቤት ሰዎችም መኪናው ተሸጠ ወይ ብለው መጠየቃቸው አልቀረም። እርሷ ግን አላቋረጠችም። ሦስት ወር ያኽል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ማለዳ ከቤቷ ብደርስ፥ ገና ተኝታ ነበረችና ልጆቹ «ዝም በሉ፥ እናታችን እንቅልፍ ይዟታል» ብለው አፌን አስያዙኝ። እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

የውርሱ ክርክር ያን ጊዜ አላለቀም ነበር፤ እንዲያውም ሌላ ቀጠሮ ተጨምሮበት ነበር። እኅቴን፥ «ታዲያ ነገሩ ቀለለሽ ወይ?» ብዬ ብጠይቃት፥ «አንተ ልጅ፥ ነገሩስ አልቀለለም፤ የምሸከምበት ጉልበት ግን አገኘሁ» አለችኝ። እርምጃ ዕዳ እንደማይከፍል፥ ሙት እንደማያስነሣ፥ ፍርድም እንደማያፋጥን የታወቀ ነው። ዕዳውንና ኀዘኑን፥ የቀጠሮውንም ብዛት የሚሸከመው ሰውነት ግን በርትቶ እንዲቆይ ያደርጋል።

እኔም ካፈርሁበት ቃል ለመታረቅ ብዬ፥ ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ማለዳ ከእርሷ ጋር በእግሬ እሄዳለሁ። ሰው ምን ይለናል ብዬ የፈራሁት ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ፥ የጠየቁን ጎረቤቶች ሁለቱ ዛሬ ከእኛ ጋር ይራመዳሉ። አንባቢዎቻችንም ይህን ገጽ አንብበው በፈጸሙ ጊዜ፥ ለቤታቸው እመቤት፥ ለእናታቸው ወይም ለእኅታቸው፥ «ነገ ማለዳ አብረን ጥቂት እንራመድ» ብለው ቢጠሯቸው፥ ይህ ጽሑፍ በከንቱ አልተጻፈም።